ስሙ ያልተጠራው ባርነት
(በአንድ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር)



«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ስለ አሜሪካ ባርነት ሲወራ ሁላችንም የለመድነው አንድ ነገር አለ፤ ሰሜኑ ነፃ አውጪ፣ ደቡቡ ጨቋኝ። እኔም ተማሪ ሳለሁ የሸመደድኩት ይህንኑ ነበር። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ነገሩ እንዲህ የቀለለ አይደለም። (ዓመተ ምሕረቱን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው።)

መጀመሪያ ሰሜኑን እንየው። በ1688 በፔንሲልቫኒያ፣ ጀርመንታውን በምትባል መንደር የሚኖሩ ኩዌከሮች ባርነትን በጽሑፍ ተቃውመዋል። ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን አፍሪካውያንን እየጫኑ ከሚያመላልሱት የአሜሪካ መርከቦች የሚበዙት የሰሜኗ የሮድ አይላንድ ነጋዴዎች ነበሩ። ፔንሲልቫኒያ በ1780 ያወጣችው ሕግም ያኔ በባርነት ላይ የነበሩትን አልፈታም። ከሕጉ በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለደውም ልጅ እስከ 28 ዓመቱ እንዲያገለግል ፈቅዷል። ነፃነት በዱቤ ማለት ይህ ነው! በኒው ዮርክማ ባርነት ጨርሶ ያበቃው በ1827 ነው።

አሁን ወደ ደቡብ እንውረድ። ደቡቡም አንድ ልብ አልነበረም። በ1787ቱ የፊላደልፊያ ጉባኤ የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ተነስቶ የባሪያ ንግድን ክፉኛ አወገዘ። ሰውዬው ራሱ የብዙ ባሮች ጌታ ነበር። በዚያው ክርክር የሳውዝ ካሮላይናው ቻርልስ ኮትስወርዝ ፒንክኒ ገበናውን አወጣው፤ ንግዱ ቢቆም ቨርጂኒያ ታተርፋለች፣ ከሚያስፈልጋት በላይ ባሮች ስላሏት ዋጋቸው ይወደድላታል አለ። የሳውዝ ካሮላይናና የጆርጂያ ተወካዮች ደግሞ ንግዱ ከተነካ ኅብረቱ ውስጥ አንገባም ብለው ድርቅ አሉ።

ታዲያ ምን ተደረገ? ተደራደሩ። ንግዱ እስከ 1808 እንዳይከለከል፣ የምክር ቤት ወንበር ሲደለደል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቆጠሩ፣ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ያመለጠውም ለጌታው እንዲመለስ ተስማሙ። የሚገርመው «ባሪያ» የሚለው ቃል በሰነዱ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። በቆጠራው አንቀጽ ላይ «ሌሎች ሰዎች» ብለው አለፉት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ብዙዎቹ ባርነት ቀስ በቀስ በራሱ ይሞታል ብለው ተጽናንተው ነበር። በ1793 ግን ኢላይ ዊትኒ የጥጥ መዳመጫ ማሽኑን ሠራ። ጥጥ ወርቅ ሆነ። በ1790 ቆጠራ 700 ሺህ ያህል የነበሩት ባሮች በ1860 ወደ 4 ሚሊዮን ተጠጉ። ደቡቡ ባሪያ እያሠራ ያመረተውን ጥጥ የሰሜኑ ፋብሪካ ፈተለው። ሁለቱም በሉበት።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ ልዩነታቸውን ያሰፋው ከሕሊና ይልቅ ጥቅም ነበር። አባቶች ያሳደሩት ዕዳም ገብስ አልነበረም፤ የልጅ ልጆቻቸው ከ1861 እስከ 1865 ከ600 ሺህ በላይ ሬሳ ቆጠሩበት።

«ባርነት» የሚለው ቃል በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ1865፣ ባርነትን በከለከለው ማሻሻያ ላይ ነው። ስሙን ለመጥራት 78 ዓመት ፈጀባቸው። በስሙ ያልተጠራ በደል አድሮ ያድጋል እንጂ አይሞትም።