ሌላ መንገድ ለሌለው ሰው፦ የጣና ጀልባና የደሴት ኑሮ



ደባርቅ ላይ ቆሞ ስለ ጀልባ መናገር ያስገርም ይሆናል። የስሜን ተራሮች ውኃ ወደ ተከዜ ይወርዳል እንጂ ወደ ጣና አይፈስም። ሊማሊሞን ወርደን የምናገኛት ድብ ባሕርም በስሟ እንጂ በመልኳ ባሕር የላትም። ይሁን እንጂ የደሴትን ኑሮ ከአምባ ሰው ይልቅ የሚረዳ ያለ አይመስለኝም። አምባ በገደል፣ ደሴት በውኃ ይታጠራል፤ ሁለቱም ዘንድ በሽተኛ ሐኪም ፊት የሚደርሰው መሻገሪያ ሲገኝ ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር እምብዛም አያልፍም። በላዩ 37 ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል። ደቅ በውስጡ ገበሬ የሚያርስበት ሰፊ ደሴት ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም በዚያ ትገኛለች። ከጎኑ ባለችው ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲለደስ አፅም ይገኛል። በጦርነት ጊዜ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ወደ ደሴቶቹ ይሸሹ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል። ውኃው ብራናውን ከእሳት ጠብቆታል፤ ያው ውኃ በሽተኛውን ከሐኪም ይለየዋል።

ለዘመናት ሐይቁን ያሻገረው የደንገል ታንኳ ነው። በሥራው የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ በገመድ አስረው ያበጁታል። ታንኳው ቀላል ነው፤ ውሎ ሲያድር ግን ውኃ ይጠጣና ይከብዳል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሊማሊሞ በተቀደደበት ወራት አካባቢ፣ በሐይቁም ላይ ባሕር ዳርንና ጎርጎራን የሚያገናኝ የሞተር ጀልባ ተጀመረ። በኋላ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የባሕር ዳር–ጎንደር መንገድ ሲሻሻል ነጋዴውም ተጓዡም ወደ መኪና ዞረ። የደቅ ሰው ግን ወዴት ይዙር?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ወጣት መምህር ሳለሁ፣ ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በሳምንታዊው ጀልባ ተሳፈርሁ። ጉዞው ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ደልጊን ነክቶ ቁንዝላ ያድር ነበር፤ ከዚያ በደቅና በዘጌ በኩል ያልፍ ነበር። ለእኔ ሽርሽር ነበር። ደቅ ላይ አንዲት እናት ትኩሳት ያቃጠለው ሕፃን ታቅፋ ከአጠገቤ ተቀመጠች።

«እኅቴ፣ ከታመመ ቆየ?» አልኋት።

«አምስት ቀኑ ነው፣ ወንድሜ።»

«በታንኳ ለምን አልመጣሽም?»

«ማለዳ ውኃው ይተኛል፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ሕፃን ይዤ መንገድ ላይ ቢነሣብኝስ? ጀልባውን ጠበቅሁ።»

ባሕር ዳር ወረደችና ከሕዝቡ ጋር ተቀላቀለች። ሕፃኑ ይዳን አይዳን አላወቅሁም። እኔ የቆጠርሁት ሁለቱን የሽርሽር ቀን ነበር፤ እርሷ የቆጠረችው አምስቱን የጥበቃ ቀን ነው።

ከ200 በላይ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ያሏት ግሪክ በዚህ ረገድ ትምህርት ትሰጠናለች። በበጋ ከፒሬየስ ወደብ የሚነሡት ትልልቅ መርከቦች ጎብኚ ሞልቷቸው ይሄዳሉ። ክረምት ሲገባ ግን ጎብኚው ይቀራል፤ መምህሩ፣ በሽተኛውና እረኛው በደሴታቸው ይኖራሉ። ስለዚህ መንግሥት ትርፍ የማያስገኙትን መስመሮች እየደጎመ ያስኬዳል። ሕዝቡ «መካን መስመር» ይላቸዋል። መካንነታቸው በገንዘብ ሚዛን ነው፤ በደሴቱ ሰው ሚዛን ግን ሕይወት ናቸው።

በቅርቡ «ጣና ነሽ 2» የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጉዛ ባሕር ዳር ደርሳለች። መርከብ በተራራ መካከል ሲያልፍ ማየት ብዙዎቻችንን አስደስቶናል። ደስታው ሲሰክን ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ የጀልባ ጉዞ ቀንና ሰዓት የሚወሰነው በማን ፍላጎት ነው? በጎብኚው የዕረፍት ቀን ወይስ በደቅ እናት ጭንቀት? እንቦጭ ዳርቻውን በወረረበት ዘመን ወደቦቹን ማጽዳትም የዚሁ ጥያቄ አካል ነው።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ መጓጓዣን ስታጠኑ የተሳፋሪን ብዛት መቁጠር ልማዳችን ነው። ቁጥሩን አትተዉት፤ ነገር ግን ከእነዚህ ተሳፋሪዎች መካከል ሌላ መንገድ የሌለው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። ብዙዎቻችሁ የታመመ ዘመድ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ከአምባ ወርዳችኋል። መሻገሪያን መጠበቅ ምን ማለት እንደ ሆነ ትከሻችሁ ያውቀዋል። ያንን ዕውቀት ወደ ጥናታችሁ አምጡት።