ስለ ተለገሱልን ያገለገሉ ኮምፒውተሮች
(የማኅበሩ ጸሐፊ ለጠቅላላ ጉባኤው ያደረጉት ንግግር)



እንደሚታወቀው በውጭ አገር የሚኖሩ የአካባቢያችን ተወላጆች 8 ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ልከውልናል። እግዜር ይስጥልን። ዕቃው ከደረሰ ወዲህ «ለምን ዛሬውኑ ለልጆች አይከፈትም?» የሚል ጥያቄ በርትቷል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው። ማውዝ ጨብጦ የማያውቅ የሐሙሲት ልጅ ከጥያቄው በፊት ከዕቃው ጋር ሊታገል ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተሮቹ እንደመጡ መከፈት የለባቸውም። እኔ ከ6ኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ የምነግራችሁን ሙያው ካላቸው ልጆቻችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

ነቀዝ የገባበት ጎተራ ሳይጸዳ አዲስ እህል አይጨመርበትም። ይኼም እንዲሁ ነው። ምክንያቶቹ፦

1ኛ/ በውስጣቸው የቀድሞ ባለቤቶቻቸው ደብዳቤና ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል። ይህ የሰው ገመና ነው። ተራ ፎርማት ማድረግ ስምን ከመዝገብ እንደ መፋቅ ነው፤ ጽሑፉ ከዲስኩ ላይ ወዲያው አይጠፋም፣ የሚያውቅ ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ዲስኩ ከዳር እስከ ዳር በባዶ ይሸፈናል። የሰዓታት ሥራ ቢሆንም ላመነን ሰው ይገባዋል።

2ኛ/ የተጫነባቸው ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት መደበኛውን ነፃ የደኅንነት እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደሞ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ የእኛዎቹ ይህን አያሟሉም።

3ኛ/ «ክራክ የሆነ ዊንዶውስ በጥቂት ብር እናስጭን» የሚሉ አሉ። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ክራኩ ራሱ ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ስርዓተ ክወና እንዲጫን ነው። ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ ሲሆን፣ ማንም ሰው በነፃ ይጭነዋል። ሚንት 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ካገኘ ይሠራል። ጽሑፍና ሠንጠረዥ መሥሪያው ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል፤ በአማርኛም ይጻፍበታል። መንገዱም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተቋቋመው ካማራ የተባለ ድርጅት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አጽድቶ፣ ሊኑክስ ጭኖ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ጭምር ሰጥቷል።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ፋይሉ ከኢንተርኔት ይወርድና ሩፈስ በተባለ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ወዲያ ለመጫን ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ አንዱ ፍላሽ ለ8ቱም በየተራ ይበቃል። ኮምፒውተሩ ሲበራ ኤፍ12 ወይም እንደየዓይነቱ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ ከፍላሹ እንዲነሳ ይደረጋል። ከመጫኑ በፊት በዚያው በፍላሹ ድምፁ፣ ስክሪኑና ኪቦርዱ ይሞከራል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ጭነቱ እንደ አዲስ ይጀመራል እንጂ ዕቃው ሞተ ማለት አይደለም። ቀኑና ሰዓቱ በጠፋ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመለስ ካለ፣ ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለችው ክብ ባትሪ አልቃ ነው፤ ትቀየራለች።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ፒችትሪ ለመማር የሚፈልግ ልጅ ሊኑክስ ላይ አይሆንለትም። ማውዝ መያዝ፣ መተየብ፣ ፋይል ከፍቶ ማስቀመጥ ግን በሁለቱም ያው ነው፤ ለፈተና የሚጠቅመውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ከጉባኤው የምንጠይቀው፦

ሀ/ የፍላሽና የባትሪ ወጪ ከማኅበሩ ገንዘብ እንዲፈቀድ፤

ለ/ ከየመንደሩ 2 ወጣቶች፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ሲጫን ቆመው እንዲያዩ ብቻ ሳይሆን በእጃቸው እየጫኑ እንዲማሩ። ነገ ቢበላሽ ባለሙያ ፍለጋ ባሕር ዳር ድረስ አንንከራተትም፤

ሐ/ ሥራው እስኪያልቅ ማንም ሰው የራሱን ፍላሽ ይዞ መጥቶ እንዳይሰካ።

በዚህ ላይ ተወያይታችሁ ድምፅ እንድትሰጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።