ስለ እሽክርክሪት ሥራ
በመርጡለ ማርያም በንግሥት እሌኒ ዘመን የተቀረጸውን ድንጋይ ሁላችን እናደንቃለን፤ ነገር ግን ልጅ ቢላዋ ይዞ እንጨት ሲጠርብ ብናይ ጠይብ ብለን እናሳፍረዋለን። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአፋችን አልወጣም።

ለእሽክርክሪት አንድ የወይራ ቁራጭ ይበቃል። ወይራ ይከብዳልና ብዙ ይዞራል፤ ዋንዛ ግን ለመጥረብ የቀለለ ስለ ሆነ ለጀማሪ የሚሻለው እርሱ ነው። እርጥቡ እንጨት እንዳይሰነጠቅ በጥላ ይድረቅ። ራሱ ሰፋ፥ እግሩ ሾጠጥ ይበል። ሲሽከረከር ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል፥ የከበደውን ጎን ጥቂት መፋቅ ነው፤ ልጁ ሚዛንን የሚያውቀው በዚህ ነው (በሰሌዳ ስንጽፍለትማ ያንቀላፋል)። ቢላዋውም ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይሂድ። የመጀመሪያውን እሽክርክሪት ይዞ ሲመጣ፥ ማን ሠራልህ ከማለት ይልቅ እንዴት ሠራኸው ብላችሁ ጠይቁት።