ለጋ ፈረስን ልጓም ስለ ማልመድ
ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገረው ነገር ከፊደልና ከቍጥር የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን በደጋው አገር የሚኖር ተማሪ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚይዘው የፈረስ ገመድ ነውና፥ በለጋው ፈረስ ጀርባ ላይም ከሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እርሱ ነውና፥ ነገሩ ከእናንተም ከሥራችሁም የራቀ አይደለም። በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚደርስ ፈረስ አለ። ከእነዚህም የሚለጐመው ሁሉ ብረት በአፉ የገባበት አንድ የመጀመሪያ ቀን አለው፤ የዚያም ቀን አያያዝ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ይከተለዋል።

አባቶቻችን ፈረስን እንዴት እንዳከበሩ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ራስ አሉላ አባ ነጋ እየተባሉ የተጠሩት በፈረስ ስማቸው ነው። በአዊ አገርም በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል የሚከበረው፥ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ፈረሶችና ፈረሰኞች የሠሩትን ሥራ ለማሰብ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን እስከ መውረስ ያከበርነውን ፍጥረት አፉን ስንኳ ሳንመረምር በብረት የምንጐትተው ብዙዎች ነን። የምናገረውም ስለዚሁ ነው።

አስቀድመን የፈረስን አፍ እንወቅ። ከፊት በላይ 6፥ በታች 6 ሣር የሚነጭባቸው ጥርሶች አሉ፤ ወደ ኋላ ደግሞ መንጋጋዎቹ ይገኛሉ። በሁለቱ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ስፍራ አለ፤ ልጓም የሚያርፈው በዚያ ነው። በዚህ ስፍራ ያለው ስስ ድድ ሲሆን፥ ከድዱ ሥር ጠርዙ የሾለ የመንጋጋ አጥንት አለ። ምላሱም አፉን ሞልቶ የተኛ ስለ ሆነ፥ ዛቡ ሲሳብ ብረቱ አስቀድሞ የሚጨምቀው እርሱን ነው። ይህን ለልጆች ለማስረዳት የሚፈልግ መምህር፥ እያንዳንዱ ልጅ የገዛ ቅልጥሙን በእንጨት ጫፍ ጥቂት ጫን እንዲያደርግ ይዘዘው፤ ሥጋ በሌለበት አጥንት ላይ ጥቂት ኀይል ምን ያህል እንደሚያም ወዲያው ይረዳዋል።

ይህ ድድ ደጋግሞ ሲቈስል ጠባሳ ይዞ ይድናል፤ አጥንቱም ይጐረብጣል። ከዚያ በኋላ ፈረሱ ቀላል ስበት አይሰማም፤ ሰውም አፉ ደነደነ ይላል። የደነደነ አፍ እንደ ቀድሞው ለስላሳ ሆኖ አይመለስም። ባለቤቱም የበለጠ የሚቈርጥ ብረት ይፈልጋል፤ ፈረሱም የበለጠ ይሸሻል። ፈረስ በተፈጥሮው ከሕመም በመሮጥ የሚድን እንስሳ ነውና፥ አፉ ሲታመም ይቆማል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። ገደል አፋፍ ላይ፥ ወይም ገበያ መካከል፥ በላዩ ሕፃን ተቀምጦ ሳለ የማይገታ ፈረስ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለዚህ ጥፋት ሁሉ ምክንያቱ ችኮላ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ፥ ጉግስ ሲታሰብ፥ ገና 2 ዓመት ተኩል ያልሞላው ፈረስ ከመንጋው ተይዞ፥ ታችኛው መንጋጋው በገመድ ታስሮ፥ ጐረምሳ ይወጣበታል። በሳምንትም ውስጥ ተገራ ይባላል። በእውነቱ ግን ተስፋ ቈረጠ እንጂ አልተገራም። የፈረስ ጥርስ እስከ 5 ዓመት ይለወጣል፤ የፊት ጥርሶቹ መካከለኞቹ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፥ ቀጥሎ ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፥ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ይተካሉ። በዚያን ጊዜ ድዱ ያብጣል፤ ይታመማልም። የጀርባው አጥንትም ከ5 ዓመት አስቀድሞ ፈጽሞ አይጸናም። ስለዚህ ለጋው ፈረስ በ3ኛው ዓመቱ ያለ ሰው ጭነት ልጓምን ይልመድ፤ 4 ዓመት ሲያልፈው ቀላል ሰው ለጥቂት ጊዜ ይቀመጥበት፤ ለጉግስና ለጽኑ ሥራ ግን 5 ዓመት እስኪሞላው ይቈይ። ለዘንድሮ ጥምቀት የተነፈገው ፈረስ ለብዙ ጥምቀት ይደርሳል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ ያለ ብረት ነው። ለጋው ፈረስ በራስ ገመድ መመራትን፥ ቆሞ መጠበቅን፥ ጆሮውንና ከንፈሩን መዳሰስን አስቀድሞ ይልመድ። የሚገራው ሰው አንድ ይሁን፤ በየቀኑም በአንድ ሰዓት፥ ጸጥ ባለ ስፍራ ይምጣ። ፈረሱ መዳሰስን በለመደ ጊዜ፥ ሰውየው ጥርስ በሌለበት ስፍራ በከንፈሩ ዳር አውራ ጣቱን አግብቶ አፉን ያስከፍት፤ ሲከፍትም ወዲያው ይተወው። በዚህም ጊዜ አፉን ይመርምር። ቍስል፥ የሚነቃነቅ ጥርስ፥ ወይም በአንዳንድ ፈረስ ከመንጋጋዎቹ ፊት የምትበቅል ትንሽ ጥርስ ቢያገኝ፥ የእንስሳት ሐኪም ሳያይ ብረት አያግባ።

ሁለተኛው ልጓሙን መምረጥ ነው። በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተለመደው ልጓም ታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለበት ነው። ይህ በጦርነት ጊዜ ፈረስን በአንድ እጅ ለማቆም የተሠራ ጽኑ መሣሪያ ነውና ለለጋ አፍ አይገባም። ለመጀመሪያ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ወይም መካከሉ ላይ አንድ መጋጠሚያ ያለው፥ ወፍራምና ልሙጥ ብረት ነው። ከፌሮ ቍራጭ የታጠፈ፥ ጫፉ የሻከረ፥ ዝገት የያዘ ብረት ለጋሪ ፈረስም ቢሆን አይሁን። ስፋቱም ከአፉ ግራና ቀኝ ጥቂት ብቻ ተርፎ የሚወጣ ይሁን፤ ቢጠብ ከንፈሩን ይቈነጥጣል፥ ቢሰፋ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ ድዱን ይፍቃል።

ሦስተኛው ማግባት ነው። የደጋ ጧት ብረትን እንደ በረዶ ያቀዘቅዛልና አስቀድሞ በመዳፍ ይሙቅ፤ ጥቂት ማርም ይቀባ። ሰውየው በፈረሱ በግራ በኩል ይቁም፤ በቀኝ እጁ የራሱን ጠፍር ከጆሮዎቹ መካከል ይያዝ፥ በግራ መዳፉ ብረቱን ወደ ከንፈሩ ያቅርብ፥ አውራ ጣቱንም ጥርስ ወደሌለበት ስፍራ ያግባ። ፈረሱ አፉን ሲከፍት ብረቱ ጥርሱን ሳይመታ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ጠፍሩም በጆሮዎቹ ላይ ይለፍ። ራሱን ወደ ላይ ቢያነሣ ሰውየው እጁን ከፍ አድርጎ ይከተለው እንጂ አይታገለው። በመጀመሪያ ቀን ዛብ አይታሰር፤ ፈረሱ ለሩብ ሰዓት ያህል ብረቱን እያላመጠ ይቁም። ሲወጣለትም አፉን በገዛ ፈቃዱ እስኪከፍት ይጠበቅ፤ ብረቱ ከጥርሱ ጋር ቢጋጭ ነገ ራሱን ያሸሻል።

አራተኛው ትርጓሜውን ማስተማር ነው። ብረቱን ከለመደ በኋላ ዛብ ይታሰርለት፤ ሰውየውም በምድር ቆሞ በአንድ በኩል ጥቂት ይሳብ። ፈረሱ ራሱን ወደዚያ ጥቂት ባዘነበለ ቅጽበት ዛቡ ይላላ። ፈረስ የሚማረው በተሳበ ጊዜ አይደለም፥ በተለቀቀ ጊዜ ነው፤ ሳይለቅ የሚስብ ሰው የሚያስተምረው ነገር የለም። በግራም በቀኝም እኩል ይልመድ። ከዚያም ከኋላው በረጅም ዛብ እየተከተሉ መሄድን፥ መዞርን፥ መቆምን ያስተምሩት። ይህን ሁሉ ሲያውቅ ብቻ ሰው ይውጣበት።

ይህ ምክር አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ፥ ፈረስን በቍጣ መቅረብ እንደማይገባ፥ በአንድ ዛብ ብቻ መጐተትም የአፉን አንድ ወገን እንደሚያደነድን አስተምሯል። በዘመናችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞችም የፈረስን መንጋጋ መርምረው የብረት ጕዳት እስከ አጥንት እንደሚደርስ አረጋግጠዋል።

ደግሞ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፥ ፈረስን በልጓሙ ዛብ ከዛፍ ጋራ አትሰሩ፤ ቢደነግጥ መንጋጋውን ይሰብራል፤ ለማሰሪያ የራስ ገመድ አለ። ሁለተኛ፥ ራሱን የሚወረውር፥ ምላሱን ከብረቱ በላይ የሚያወጣ፥ አረፋው ደም የነካው ፈረስ ስለ ሕመሙ እየተናገረ ነውና፥ ዐመፀኛ ብላችሁ ከመምታታችሁ አስቀድሞ አፉን ተመልከቱ። ሦስተኛ፥ ዛብ ሚዛን መጠበቂያ አይደለም፤ በጀርባው ላይ ገና መቀመጥ ያልቻለ ልጅ በተገራ ፈረስ ላይ፥ ዛቡን ታላቁ ይዞለት ይማር።

መምህራን ሆይ፥ ከእናንተ የምለምነው ቀላል ነው። በትምህርት ቤታችሁ አጠገብ በገበያ ቀን ፈረሶች ይቆማሉ፤ በባለቤቱ ፈቃድ አንድ ገራም ፈረስ አስመጥታችሁ የጥርሱን ቍጥር፥ የልጓሙን ስፍራ፥ የዛቡን ትርጓሜ ለልጆች አሳዩ፤ ዕድሜውንም ከጥርሱ ያስሉ፤ ይህም ሒሳብ ነው። አባቶች ሆይ፥ ከእናንተ የምለምነው ደግሞ ይከብዳል፤ ጐረምሶች ለጉግስ ለጋ ፈረስ ሲያወጡ ዕድሜውን ጠይቁ፥ ያልደረሰ ከሆነም ከሜዳው መልሱት። የእናንተ አንድ ቃል ከኛ መቶ ገጽ ይበልጣል።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። እንግዲህ የሚያደርሰን ፍጥረት የኛን እጅ በአፉ ተሸክሞ ይሄዳልና፥ ዛቡን የሚይዘው እጅ እንዲቀልለት ልጆቻችንን ከዛሬ ጀምሮ እናስተምር።