ሎድ ባላንሰርና «ወደዚያ ሂድ» የሚለው መልስ



በግሼ ወረዳ፣ በራቤል ከተማ ያለ አንድ ተማሪ ውጤቱን ለማየት በስልኩ ድረ ገጽ ከፈተ እንበል። ጥያቄው አስቀድሞ የሚደርሰው ከሎድ ባላንሰሩ ዘንድ ነው፤ እርሱም ምስጠራውን ፈትቶ ከኋላው ካሉት ሰርቨሮች ለአንዱ በተራ ኤችቲቲፒ ያስተላልፋል። ሰርቨሩም «በኤችቲቲፒኤስ ተመልሰህ ና» ይላል። ተማሪው ግን ቀድሞውንም የመጣው በዚያው ነበር! ምልልሱ ብራውዘሩ ከ20 ያህል ሙከራ በኋላ እስኪተወው ይቀጥላል፤ ገጹም አይከፈትም። መልሱ 301 ከሆነ ደግሞ ብራውዘሩ ሊያስታውሰው ስለሚችል፣ ስሕተቱ ከታረመ በኋላ እንኳ ተማሪውን ሊከተለው ይችላል።

አንዳንዴም ሰርቨሩ «ሎኬሽን» በተባለው ራስጌ ላይ በ10 የሚጀምር የውስጥ አድራሻውን ጽፎ ይሰዳል፤ ይህም እንግዳን በጓዳ በር ግባ እንደ ማለት ነው።

ብዙ ባለሙያ ባላንሰሩ ሎኬሽንን ሁሉ እንዲያርም ያዛል። ይህ የችኮላ መድኃኒት ነው፤ ወደ ሌላ ተቋም፣ ለምሳሌ ወደ መክፈያ ገጽ፣ የሚመራውን ትክክለኛ መልስ ያበላሻልና። እርማቱ የራሱን ሰርቨሮች ስም ብቻ ይንካ። ከዚህ የሚሻለው ባላንሰሩ ደንበኛው በምን ስምና በምን ፕሮቶኮል እንደ መጣ «ኤክስ ፎርዋርድድ ሆስት» እና «ኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ» በተባሉት ራስጌዎች ለሰርቨሩ መንገሩ ነው። ከውጭ ተጽፈው የመጡትን ግን አስቀድሞ ይጣላቸው፤ አለዚያ የመልሱን አድራሻ ማንም አጭበርባሪ ይወስነዋል።

በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ በሎኬሽን ላይ ሙሉ አድራሻ እንዲጻፍ ያስገድድ ነበር። የ2014ቱ ግን አንጻራዊ አድራሻን ፈቀደ፤ ሰርቨሩ መንገዱን ብቻ ቢጽፍ፣ ስሙንና ፕሮቶኮሉን ብራውዘሩ ራሱ ከመጣበት ያሟላዋል።