ታህት ላይ የተቀመጠ ሩት
እስክሪብቶ ካጠገባችሁ አለ? 1 ሲካፈል ለስኩዌር ሩት 2 ብላችሁ ጻፉ። ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ይህ አበሳ ነበር፤ እስቲ 1ን ለ1.41421 በእጅ አካፍሉ! ላዕሉንም ታህቱንም በስኩዌር ሩት 2 ስናባዛ ግን ታህቱ ድፍን 2 ይሆናል። የ1.41421 ግማሽ፣ 0.7071 ገደማ፤ በቃል ይሰላል።

ተማሪ የሚሳሳተው ታህቱ ስኩዌር ሩት 3 ሲቀነስ 1 ሲሆን ነው። በስኩዌር ሩት 3 ብቻ ቢያባዛ 3 ሲቀነስ ስኩዌር ሩት 3 ይመጣበታል፤ ሩቱ አልለቀቀውም። መላው ምልክቱን ገልብጦ፣ በስኩዌር ሩት 3 ሲደመር 1 ማባዛት ነው። መሃል ያሉት ሩቶች ይጣፋሉ፤ 3 ሲቀነስ 1፣ 2 ይቀራል። ላዕሉንም በዚያው ማባዛት አለ፤ እሱን ረስቼ ስንቴ ኤክስ ተደርጎብኛል!