ከጆሮ ሥር ያለ እብጠት በኤምአርአይ ሲታይ
ከጆሮ ሥር ባለው የምራቅ ዕጢ ላይ እብጠት ሲወጣ «ካንሰር ይሆን?» የሚለው ሐሳብ እንቅልፍ ይነሳል። ደግነቱ በዚህ ዕጢ ላይ ከሚወጡ 10 እብጠቶች 8ቱ ገደማ ካንሰር አይደሉም።

ለመለየት ከሚያግዙ ምርመራዎች አንዱ የደም ፍሰትን የሚያሳይ ኤምአርአይ ነው። ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ መሣሪያው መድኃኒቱ እብጠቱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ደጋግሞ ምስል ያነሳል። ፕሊዮሞርፊክ አዴኖማ የተባለው፣ በብዛት የሚታየው ካንሰር ያልሆነ እብጠት፣ ቀስ እያለ ይሞላል። ሌላው ካንሰር ያልሆነ እብጠት፣ ዋርቲን የሚባለው፣ ቶሎ ሞልቶ ቶሎ ይለቃል። ካንሰር ግን ብዙ ጊዜ በ2 ደቂቃ ውስጥ ሞልቶ፣ ለመልቀቅ ይዘገያል።

የሚመሳሰሉም ስላሉ የመርፌ ናሙና አይቀርም። የኤምአርአይ ውጤቱ ግን ሐኪሙ በዕጢው መሐል የሚያልፈውን የፊት ነርቭ ጠብቆ ቀዶ ሕክምናውን እንዲያቅድ ይረዳዋል። እብጠት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።